መኪናዋ ሳሎናችንን ልትበላው ነበር!

መቼም ከእናንተ መካከል ሐምሌ ወር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዝናቡ ከላይ፣ ጎርፉ ከታች፣ የሰልፉ ጭራ ደግሞ የት እንደሚያልቅ ፈጣሪ ብቻ ያውቃል። በዚያች ሰዓት አንዷ ብቻዋን ቪትዟ ውስጥ ዘና ብላ፣ ሙዚቃዋን ከፍታ፣ በአጠገብህ ስታልፍ ኩሬውን በሙሉ ሱሪህ ላይ ትገለብጠዋለች። ያኔ ነው ወደ ሰማይ ቀና ብዬ “ጌታዬ፣ ቤቱ ይቆየኝ፤ እባክህ መኪናዋን አስቀድምልኝ!” ያልኩት። ችግሩ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች።

“ምን አልክ?”

“ዝናቡን ያቁምልን ነው ያልኩት።”

ሰምታኛለች። ዝም አለች እንጂ ሰምታኛለች።

ይህ የሆነው በ2014 ዓ.ም ክረምት ነው። እሷ በ2005 ዓ.ም የ40/60 ቤት ተመዝግባ፣ ገና ሳንጋባ ጀምሮ ስትቆጥብ የኖረች ናት። በዚያው ሐምሌ ዕጣው ወጣ ተብሎ እልል ሲባል ከረመና፣ መረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቷል ተብሎ ተሰረዘ። በኅዳር 2015 እንደገና ሲወጣም የሷ ስም የለም። ያን ማታ ቁጭ ብለን ተማከርን። ዕጣ ዕጣ ስንል እንዳናረጅ ለራሳችን ቅድሚያ ክፍያ እናጠራቅም ተባባልን። ከኪራይና ከአስቤዛ የተረፈውን በወር 9 ሺህ ብር በጋራ የባንክ ደብተራችን እናስገባለን፤ 10 ሺህ ብር ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ 24 ሰው ያለበት ወርሃዊ ዕቁብ እየጣልን ነበር። ስምምነቱ እንዲህ ነው፤ ዕቁቡ ለመኪና፣ ባንክ ያለው ለቤት። አንዱ የሌላውን በር አያንኳኳም።

ባለቤቴ አንድ አመል አላት። ብርን በብር አትቆጥርም፤ በቤት ዕቃ ነው የምትቆጥረው። እኔ “ሁለት ሺህ ብር ብቻ እኮ ነው” ስል እሷ “የዋናው በር ቁልፍ” ትላለች። አምስት ሺህ ስል “የኩሽና መስኮት” ትለኛለች። ገና ያልተገዛ፣ የት ሰፈር እንደሚሆን እንኳ የማይታወቅ ቤት ነው እንግዲህ! ግን ደብተሯ ላይ ክፍል በክፍል ተሠርቶ አልቋል።

ዕቁቡ በሰባተኛው ወር፣ የካቲት ላይ ወጣልን። 240 ሺህ ብር። የመሥሪያ ቤቴ ቦነስ 40 ሺህ ሲጨመርበት 280 ሺህ። እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ የምትስቱትን ነገር ልንገራችሁ፤ ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ሀብታም ሆነ ማለት አይደለም፣ ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው። እኛም ገና 17 ወር፣ ማለትም 170 ሺህ ብር የመጣል ዕዳ ነበረብን። እኔ ግን ያን ማታ የታየኝ ዕዳው ሳይሆን መሪው ነበር።

የደላላው ስልክ

በማግስቱ ለአንድ ደላላ ደወልኩ። “የኔ ወንድም፣ ላንተ የምትሆን አንዲት ጉድ አለችኝ” አለኝ። አየኋት። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1989 ቢኤምደብሊው፣ ቀይ፣ ጎማዋ ሰፋፊ፣ ድምፅዋ ልብ የሚያርድ። ኧረ ምን ልበላችሁ፣ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ሲያዞረኝ ሁለት የሰፈር ልጆች አጨበጨቡ። ዋጋ 320 ሺህ። እኔ ያለኝ 280። “አርባዋን ከየትም አምጣ፤ ሌላ ሰው ነገ ጠዋት ሊወስዳት ነው። ቀብድ ካልጣልክ ግን እኔ አልችልም” አለኝ።

ይህችን “ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው” የምትል አባባል አስተውሏት። ያ ሌላ ሰው በአዲስ አበባ መኪና ገበያ ውስጥ ዘላለም ይኖራል፤ አንድም ቀን ግን መጥቶ አይወስድም።

ዕቁቡ ገና ቼክ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እሷ ማድ ቤት እያለች፣ በስልኬ ከቤቱ ገንዘብ 30 ሺህ ብር ላክሁ። ቀብድ። “ነገ ዕቁቡ ሲመነዘር እመልሰዋለሁ፣ ማን ያውቃል?” ብዬ ነው። የረሳሁት አንድ ነገር፣ ደብተሩ የጋራ ስለሆነ የባንኩ መልእክት እሷም ስልክ ላይ ይገባል። ከማድ ቤት “ጢን” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የውሃው ድምፅ ቆመ።

ምንም አላለችኝም። እራት አቀረበች፤ በላን፤ ተኛን። ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ቀና ሳትል “የመታጠቢያ ቤታችን ሴራሚክ ነው” አለች።

“እመልሰዋለሁ እኮ…”

“ሴራሚኩ ይገዛል። ተደብቀህ ማድረግህ ነው የከነከነኝ።” ብላ ወጣች። አራት ቀን ከ“ብላ” እና ከ“ቁልፉን ይዘሃል?” በቀር አላናገረችኝም። ትዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከጭቅጭቅ ይልቅ ያ ዝምታ ነው የሚገድለው።

በዚያው ቀን፣ ያው ዘግይቼም ቢሆን፣ አባቴን የሚያውቁ አንድ የድሮ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ኮፈኑን አስከፈቱ፤ ከዚያ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡ። ሲወጡ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ “አንተ ልጅ፣ ይቺ እኮ ሁለት መኪና ናት” አሉኝ። ከፊት ተጋጭታ ሻንሲዋ በብየዳ ተቀጥሏል። ቀዩ ቀለም የተቀባው ያንን ለመሸፈን ነው። “ደግሞ የዚችን መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ስትጠይቅ መልሱ ‘ነገ ና’ ነው። ነገ ስትሄድ ደግሞ ‘ከነገ ወዲያ’።”

ይባስ ብሎ ሊብሬው በሦስተኛ ሰው ስም ነው። ሻጭ ነኝ ያለኝ ሰውዬ የያዘው የውክልና ኮፒ ነበር። ፋይሏ ሲታይ ደግሞ በብድር ምክንያት የባንክ እገዳ አለባት። በቃ፣ ልትሸጥም ልትዛወርም አትችልም!

ስለ ቀብድ ሕጉ ምን እንደሚል ያኔ ነው የጠየቅሁት። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ቁጥሩ 1885 ነው፤ ጻፉት። ደላላው ያስፈረመኝ ወረቀት ላይ የእኔ ግዴታ ብቻ ነው በትልቁ የተጻፈው። ፍርድ ቤት ብሄድ እረታ ነበር ይሉኛል። እኔ ግን መሮጡ ደከመኝና በሽማግሌ 20 ሺህ ብር ብቻ ተመለሰልኝ። አሥሯ ሺህ ቀለጠች። ያቺን አሥር ሺህ በሦስት ወር ከምሳዬና ከትርፍ ሰዓት ሥራዬ እየቆጠብኩ መልሼ አስገባሁ። ሴራሚኩ ሲሞላ ባለቤቴ ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረገች። ሌላ ቃል የለም።

ሁለተኛው ፍለጋ

ከዚያ በኋላ አዲስ ሕግ ወጣ። የትኛውንም መኪና ሁለታችንም፣ ጋሼም ባሉበት፣ በቀን ብርሃን እናያለን፤ ማታ ቀብድ የሚባል ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ራሱ ደስ ማለት ጀመረ። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችን ማኪያቶ ጠጥተን እንወጣለን።

ቪትዝ አየን። ቪትዝን የሚነቅፍ ሰው ውለታ ቢስ ነው፤ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ መለዋወጫዋ እንደ ሽሮ በየሱቁ ነው፣ ነገ ብትሸጣት ገንዘብህ አይጠፋም። ግን በዚያ ጊዜ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠራ ነበር። በባንክ ብድር እንግዛት ብንል የብድሩ ወለድ ለቤት የምናስቀምጠውን 9 ሺህ ጠራርጎ ይወስደዋል። ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ቪትዝ መንዳት የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደመንከባለል ነው። ያደርስሃል፣ ጨዋታ ግን የለውም።

ዲኤክስ አየን። የማይሞት ሽማግሌ! ዋጋው ግን ከኪሳችን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ላዳም አየን። ላዳ የሩሲያ ይባል እንጂ ትውልዱ ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ ጠንካራ ነው፣ የትም መንደር የሚጠግነው አይጠፋም። ያየናት ላዳ ግን ዕድሜዋን በሙሉ ታክሲ ሠርታ የኖረች ስለነበረች በሯን ስዘጋው የሌላኛው ወገን በር ተከፈተ። ባለቤቴ ሳቀች። ከዚያ የባንክ መልእክት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

በመጨረሻ ቮልስ። ነጣ ያለች ሰማያዊ፣ 1300፣ የአንድ ጡረተኛ አባት መኪና። ከ70ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ ነበረች። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ የተመረተችው በፈረንጅ 2003 ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ያላሳደገችው ቤተሰብ የለም። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፣ ራዲያተር የሚባል ነገር የላት፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስና ዘይት ነው። ሴትዮዬን አየኋት፤ ዓይኗ አብርቷል።

ጋሼ ግን ዓይናቸው አይበራም። እንዴት እንዳዩዋት ልንገራችሁ፣ ነገ ቮልስ ለምትፈልጉ ይጠቅማችኋል።

ሻጩን ማታውኑ “ሞተሩን ሳያስነሱ ይጠብቁን” ብለው ነበር። ሲደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ቀዝቃዛ ነው። የሞቀ ሞተር ሁሉም ጥሩ ይነሳል፤ አመሉን የምታውቀው ሲቀዘቅዝ ነው። ከዚያ ከኋላ ቺንጊያው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደራሳቸው ሳቡት፣ ገፉት። “ቋ ካለ የውስጡ ብሮንዚና አልቋል፣ ሞተሩ ሊወርድ ነው ማለት ነው” አሉ። አላለም። ሲያስነሷት ጭሱን አዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። የኛዋ ትንሽ ጥቁር አላት። “ይሄ ካርቡራቶር ማስተካከል ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል።” ለካ በዚህ ከፍታ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል! እኔ ድሮ መኪኖች ሰነፍ የሆኑ ይመስለኝ ነበር።

ቀጥለው የኋላ ወንበሩን አስነሱ። ቮልስ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን የሚበላው እዚያ ነው። ጋሼ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረጉት። ጥግ ላይ የጣት ያህል ቀዳዳ ተገኘች። “ይሄ ይበየዳል። ግን ዋጋ ያስቀንሳል” ብለው ጠቀሱኝ። መጨረሻ የቤንዚን ጎማዎቹን አዩ። ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም አሉኝ፤ ያረጀ የቤንዚን ጎማ ሞተሩ ላይ ሲያንጠባጥብ ነው ስንት ቮልስ የተቃጠለችው። “ዛሬ ብትገዛት ዛሬ ቀይር። ነገ አይደለም።”

290 ሺህ የተባለችውን በ262 ሺህ ተስማማን። የውክልና ሽያጭ የሚባለውን ጋሼም ባለቤቴም አልሰማም አሉ፤ ወካዩ ቢሞት ወይ ቢሽረው ሜዳ ላይ ነው የምትቀረው። ሊብሬውን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አመሳከርን፤ እገዳ እንደሌለባት አስጣራን፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ተዋዋልን፤ ስሙንም አዛወርን። የሻጩ ባለቤትም መጥተው ፈረሙ፤ የጋራ ንብረት ስለሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። እማማ ፈርመው ሲጨርሱ ቁልፉን ለኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ነው የሰጧት። “ክረምት ላይ ስታስነሺያት አትቸኩዪባት፣ ልጄ” አሏት።

ከቀረን 18 ሺህ የቤንዚን ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይት፣ ካንዴላና ትርፍ ቺንጊያ ገዛን፤ ወለሏ ተበየደ፤ የስም ማዛወሪያውም ከዚያው ወጣ። ሦስተኛ ወገን መድን መቼም ግዴታ ነው። እሱ ግን የሰው ጉዳት ነው የሚከፍለው፤ የራስህን መኪና አይጠግንልህም፣ እንዳትሸወዱ።

ደስታው

መንዳቷን ምን ብዬ ልግለጽላችሁ? በሰዓት 60 ስትሄድ 120 የሄድክ ይመስልሃል። ትጮሃለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ መሪዋ በእጅህ ውስጥ ያወራል። ፍጥነት የላትም፤ ሁሉም ሰው ግን ይስቅልሃል። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ አስቁሞኝ “አባቴ እንደዚህ ያለች ነበረችው” ብሎ ፈገግ ብሎ ለቆኛል። (ቦሎዬን ካየ በኋላ ነው፤ እንዳትታለሉ።)

አንድ እሑድ እንጦጦ ልንወጣ ተነሳን። ሽሮ ሜዳን አልፈን፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀይዋ መብራት በራች። እኔ “ትንሽ ነው የቀረን፣ እንድረስና እናየዋለን” አልኩ። እሷ “ጋሼ ምን ነበር ያሉት?” አለች። ጋሼ ያሉት፣ ቀይዋ ከበራች እዚያው ቁም፣ አንድ እርምጃ እንዳትጨምር ነው። ምክንያቱም ዲናሞውንም ነፋስ የሚሰጣትን ቬንትሌተርም የሚያዞረው አንዱ ቺንጊያ ስለሆነ፣ እሱ ከተበጠሰ መብራቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ሞተሩ ነው የሚነደው። ቆምን። ከኋላ ስከፍተው ቺንጊያው ሁለት ቦታ ተበጥሶ ወድቋል። ትርፉን አወጣን፤ በአንድ 21 ቁልፍና በአንድ ካቻቢቴ፣ እሷ ስትይዝ እኔ ስፈታ፣ እኔ ስይዝ እሷ ስታጠብቅ፣ በግማሽ ሰዓት ቀየርነው። እጃችን ጥቁር፣ ልብሳችን ጥቁር። ከዚያ እላይ ወጥተን ቆሎ በላን። እኔ መንገዱን እንድቀጥል ተትቶልኝ ቢሆን ኖሮ ስንት መስኮት፣ ስንት በር እንደሚሄድ አሰብኩ። አልተናገርኩም። እሷም አልተናገረችም።

ወጪውስ? እሱንም ደብተር አለን። በወር ለመኪና ጣሪያው 4,500 ብር ነው፤ ነዳጅ፣ ላቫጆ፣ ጎሚስታ፣ ፓርኪንግ ሁሉ ተደምሮ። የኛ ቮልስ በሊትር ዘጠኝ አሥር ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው፤ ከቪትዝ ጋር አትወዳደርም። ጣሪያው ከሞላ ወሩ እስኪያልቅ ትቆማለች። ሚያዝያ ላይ 11 ቀን ቆማ እኛም መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆመናል። መኪና እያለህ ታክሲ መሰለፍ ያሳፍራል? የሚያሳፍረውስ ከቤት ገንዘብ ቤንዚን መቅዳት ነው። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት ትቀየራለች፣ ቫልቯ ይስተካከላል። የምትበላው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ጥሩውን እንገዛላታለን።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ዕቁባችን ባለቀበት በዚያው ሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ብር ወረደ። አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ሆነ። ኤሌክትሪክ መኪናው ከተማውን ሞላው፤ አይዲ ፎር የሚባለው ቮልስ ጎናችን ሲቆም ባለቤቴ “የልጅ ልጅሽ መጣ” ትላታለች። (ቀልድ አይደለም፤ ባለ አንድ ሞተሩ አይዲ ፎርም እንደ አያቱ ሞተሩ ከኋላ ነው።) ያለቀውን ዕቁብ 10 ሺህ በቤቱ ላይ ጨመርነው። ቤቱም ግን ዋጋው እየጨመረ ይሸሸናል። እንሮጣለን፣ ይሮጣል።

ባለፈው ሳምንት ሳርቤት መብራት ላይ ቆመን አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከጎናችን መስኮቱን አወረደ። “ወንድሜ፣ ትሸጣታለህ?”

“አይሸጥም!” አልኩ፣ ሳልጠየቅ በፊት እንኳ ዝግጁ የሆነ መልስ ነው።

ባለቤቴ በኔ ላይ ተንጠራርታ “ስንት ይከፍላሉ?” አለችው።

ሰውየው ዋጋውን ተናገረ። የገዛንበትን ከእጥፍ በላይ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ክላክስ በዛ። ሰውየው በመስኮት ወረቀት አቀበለኝና ሄደ። ሜክሲኮን፣ ለገሃርን፣ ስታዲየምን አልፈን ቤት እስክንደርስ ማናችንም አልተናገርንም። እሷ ዳሽቦርዷን በመዳፏ አንዴ መታ መታ አድርጋለች፤ ያን አይቻለሁ።

ማታ ደብተሩን አወጣች። ብዙ ደመረች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ደመረች።

“ሳሎኑን በሙሉ ከነጣሪያው ይሠራዋል” አለች። ቆየት ብላ “እንጦጦ መቼ ነው የሄድነው?”

“ሦስት ሳምንት ሆነው።”

“የሰውየውን ወረቀት አስቀምጠኸዋል?”

“ኪሴ ውስጥ ነው።”

“ደብተሩ ውስጥ አድርገው። እሑድ እንውጣና ስንመለስ እናወራለን።”